ለቅዳሴው አምስተኛ

«ቀምሰሃል?»

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ይህን የጠየቁት ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነው። ሠርክአዲስ ግቢው መሃል ላይ ተገትሯል፤ ቀኝ መዳፉ ውስጥ ስድስት ፍሬ የሽንብራ ቆሎ አለ። አንዷን ወደ አፉ ሊወረውር እጁን ሲያነሣ ነው የመቋሚያቸውን ድምፅ የሰማው። ጣቶቹን ጨብጦ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

ለሌላ ሰው ቢሆን ጥያቄው ቁርስ በልተሃል ወይ ከማለት አያልፍም። ለዲያቆን ግን ሌላ ነገር ነው። ሊቀድስ ያሰበ ዲያቆን ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውኃም አይቀምስም። አንዲት ፍሬ ወደ አፉ ከገባች በዚያ ቀን ቤተ መቅደስ አይገባም። ለምን ቀመስክ ብሎ የሚቆጣውም ሆነ የሚመረምረው የለም። «ቀምሻለሁ» ካለ በቃ፣ አለቀ።

ሠርክአዲስ ሐይቅ ከተማ በተዋጊዎች ከተያዘች ወዲህ ባሉት ሦስት ሳምንታት ይህችን ቃል ሁለት ጊዜ ብሏታል። ሁለቱንም ጊዜ ዋሽቷል። ዛሬ ግን ውሸቱ ስለመረረው እውነት ሊያደርገው ነበር ቆሎውን ከጓዳ የዘገነው።

«አልቀመሰም፣ አባ» አለች ከበሩ መድረክ ላይ እህቱ መስታወት። ልጇን በነጭ ጋቢ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልጠጣም። እኔ ምስክር ነኝ።»

«ደግ» አሉ ቄሱ። የሠርክአዲስን ፊት ትንሽ አየት አደረጉ። «ደወል አንደውልም፤ በጆሮ ለጆሮ ነግረናል። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ሰባት ሰዓት ላይ ይገባል። ልጁ ቀድሞ ይጠመቃል። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎናል፤ ዘቢብ የለንም። ፈዲላ እሰጣለሁ ብላለች፣ አስፋልቱ ዳር ነው ቤቷ፣ ታውቀው የለ? ሂድና ተቀብለህ አምጣ። ዘፍዝፈን እስክንጨምቀው ጊዜ ይፈልጋል።»

«እሺ፣ አባ።»

ሌላ ምን ይበል? ቄስ ኃይለ ሚካኤል መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ወደ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ወረዱ። ሠርክአዲስ ቆሎዎቹን ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተታቸው። እስከ ሰባት ሰዓት ብዙ ጊዜ አለ፤ አፍ ደግሞ የትም አይሄድም።

ነገሩ የቁጥር ጉዳይ ነበር። ቅዳሴ ከአምስት ባነሰ አገልጋይ አይቀደስም፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የግድ ናቸው። ተዋጊዎቹ ሲገቡ ግማሹ ሕዝብ ወደ ደሴ ማዶ ሸሽቷል፤ ካህናቱም አብረው ሄደዋል። የቀሩት ቄስ ኃይለ ሚካኤል ናቸው፤ ከአምባሰል ተፈናቅለው የመጡ አንድ ቄስና አንድ ጎልማሳ ዲያቆን አሉ፤ ምስክር የሚባል የአሥራ ሁለት ዓመት ዲያቆንም አለ። አራት። አምስተኛው ሠርክአዲስ ነው።

ባለፈው እሑድ ሰዎች በየአጥሩ ስር እየተሹለከለኩ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥተው ነበር። ሠርክአዲስ «ቀምሻለሁ» ስላለ ቅዳሴ የለም ተብለው ተመለሱ። ለመቁረብ ስትጾም የሰነበተች አንዲት አሮጊት በሩን ስማ፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ እያነከሰች ስትሄድ አይቷታል። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የዋለው።

«ሠርኬ፣ ና እስቲ እየው» አለችው መስታወት።

ሄዶ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። የሕፃኑ ከንፈር ገርጥቷል። ከሦስት ቀን ወዲህ ጡት በደንብ አይዝም፣ ሲያለቅስም ድምፅ የለውም፤ አፉን ይከፍታል እንጂ። ጤና ጣቢያው ዝግ ነው። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም።

«ዛሬ አርባ ቀኑ ነው» አለች። «አርባውን ቀን አንድ በአንድ ነው የቆጠርኩት። አባቱን ፈልጌ ላመጣለት አልችልም። ሐኪም ላመጣለት አልችልም። ይህችን አንዷን ግን አላስቀርበትም። አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?»

ሠርክአዲስ ጋቢውን መልሶ ሸፈነለት። እህቱ እንዲህ የምትተማመንበት ልጅ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ «አባታችን ሆይ» ብሎ ከጀመረ መጨረስ እንዳቃተው ብታውቅ ምን ትላለች?

*

ያቃተው ከቅዱስ ሞት ወዲህ ነው።

ቅዱስ የክፍሉ ልጅ ነበር፤ ድቁናም አብረው ነው የተቀበሉት። ዲያቆናቱ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ያገለግላሉ። ተረኛው ሰሞነኛ ይባላል። ያ ሳምንት የሠርክአዲስ ሰሞን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከላይ ሰፈር ልጆች ጋር የእግር ኳስ ግጥሚያ ነበረባቸው፤ ሠርክአዲስ ደግሞ በረኛ ነው።

«የቅዳሜዋን ያዝልኝ» ብሎ ለመነው።

«አንተ በረኛ ነህ ወንፊት?» አለው ቅዱስ እየሳቀ። «እሺ ባክህ፣ እይዝልሃለሁ። ባለፈው አምስት ነው ያገባንባችሁ ብለው እንዳይስቁብን ብቻ።»

ቅዳሜ ጠዋት ግጥሚያውም አልተካሄደም። ከሩቅ የተተኮሰ ከባድ መሣሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደቀ። ከየት እንደተተኮሰ፣ ማን እንደተኮሰው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መንገዱ ላይ የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሳይቀምስ፣ በሰው ተራ ሊቀድስ የሚሄድ ልጅ።

ሠርክአዲስ ብዙ ነገር ይገባኛል የሚል ልጅ ነው። ጦርነት ሰው እንደሚገድል ይገባዋል። ክፉዎች እንዳሉም ይገባዋል። ይህ ግን አልገባውም። ወደ እግዚአብሔር ቤት እየሄደ ያለ ልጅ፣ በእግዚአብሔር መንገድ ላይ፣ ማንም ሌላ ሰው ሳይኖር። መቶ ሜትር ቢቀድም፣ መቶ ሜትር ቢዘገይ ይተርፍ ነበር። ቅዱስ ደግሞ በሕይወቱ ለአንድም ነገር በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም፤ ያን ቀን ብቻ በሰዓቱ ወጣ። ታዲያ የሚያይ አለ ወይስ የለም?

ይህን ጥያቄ ለማንም አልተናገረውም። ሲጸልይ አፉ ላይ ይመጣበታል፤ ያኔ ጸሎቱን ያቆማል። መቅደስ መግባትም ፈራ። ድቁና ሲማሩ ሥጋውና ደሙ እሳት ነው፣ በቅን ልብ ካልቀረቡት ያቃጥላል ተብለዋል። የሚገርመው ይህ ነው። የሚያይ ከሌለ ምን ያስፈራዋል? ካለ ደግሞ በምን ድፍረት ይገባል? በሁለቱ መሃል ተወጥሮ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። «ቀምሻለሁ» ማለት ከሁለቱም ያሳርፍ ነበር።

*

ፈዲላ ከጅዳ ከተመለሰች ዓመት አልፏታል። አስፋልቱ ዳር ባለች ሱቋ ውስጥ ዕቃ የሚባል ነገር አልቀረም፤ ተዘርፏል። እሷ ግን አልሸሸችም። ሠርክአዲስ ሲደርስ ጥቁር አባያዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ኧረግ፣ ብቻህን መጣህ እንዴ? ወንድ ልጅ ብቻውን ሲሄድ ተዋጊዎቹ ዝም አይሉም እኮ» ብላ ወደ ውስጥ ገባችና በፌስታል የተጠቀለለ ፓኬት ይዛ ወጣች። «ወላሂ አልተከፈተም። ሻንጣዬ ውስጥ ለረመዳን ብዬ የደበቅኩት ነው፤ ዘራፊዎቹም አላገኙት። ቄሱ እጅ ያልገባበት ነው የሚሆነን ስላሉ እኔም አልነካሁትም። ና፣ ድልድዩን አብሬህ ልሻገር።»

«ግዴለም ፈዲላ፣ እኔ እሄዳለሁ።»

«አብሽር። እኔ ደግሞ ለመስታወት ልጅ ማርያም ማርያም ያልኩ ሴት ነኝ፤ ዛሬ ከክርስትናው ቀርቼ ልውል ነው?» አለች። ስታምጥ አብራት ያደረችው እሷ ነበረች።

ድልድዩ ላይ ሁለት ተዋጊዎች ነበሩ። አንዱ ጎልማሳ ነው፤ ዛፍ ስር ተኝቷል። ሌላው ከሠርክአዲስ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ቢበልጥ ነው። ጫማው ተቀዷል። መሣሪያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እጁን ዘረጋና አስቆማቸው።

«ምንድነው የያዝከው?»

«ዘቢብ ነው።»

ፌስታሉን ተቀብሎ ፓኬቱን አገላበጠው። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ዐረብኛ ነው። ዓይኑ ጠበበ። «ባለፈው ሳምንት ጓዶቻችን ሰው የሰጣቸውን ምግብ በልተው ታመዋል» አለ። «ክፈተውና ብላ።»

ሠርክአዲስን መጀመሪያ የተሰማው ፍርሃት አልነበረም፤ እፎይታ ነው። ይኸው መጣ። ራሱ አልፈለገም፣ ራሱ አልዋሸም። መሣሪያ የያዘ ሰው ብላ ብሎታል። አንዲት ፍሬ ቢውጥ መስታወት አትወቅሰውም፣ ቄሱም አይወቅሱትም። ከላይ የሚያይ ካለ እሱም ቢሆን በዚህ አይቆጣም። ከዚያ ነፃ ነው።

«እኔ ልብላልህ» አለች ፈዲላ ቶሎ ብላ። «ዕቃው የእኔ ነው፣ ልጁ ተላላኪ ነው። እኔ ልብላ፣ እየኝ።»

«አንቺን አላልኩም። እሱ ይብላ።»

ሠርክአዲስ ፓኬቱን ተቀበለ። ጥፍሩን ጫፉ ላይ አደረገ። ጫፉ ጠንካራ ላስቲክ ነው፤ በጥርስ ካልሆነ አይቀደድም። ወደ አፉ አስጠጋው። ያን ጊዜ ዓይኑ ላይ የመጣው ቅዱስም አይደለም፣ መቅደሱም አይደለም። ድምፅ አልባ ሆኖ የሚከፈት የሕፃን አፍ ነው የመጣበት።

«አልበላም» አለ።

ራሱም ደነገጠ። ፈዲላ ክንዱን ጨበጠችው።

«ምን አልክ?»

«ልቀድስ ነው። ዲያቆን ነኝ። አልቀመስኩም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳያስገድደው ያቃተው እውነት መሣሪያ ፊት ቆሞ ወጣ። ወጣቱ ተዋጊ አንድ እርምጃ ቀረበና ኪሱን ዳበሰው። እጁን ሲያወጣ መዳፉ ላይ ስድስት ፍሬ ቆሎ ነበረ።

«ኪስህ ውስጥ ቆሎ ይዘህ ነው አልቀመስኩም የምትለኝ?»

ዛፍ ስር የተኛው ጎልማሳ ራሱን ቀና አደረገ። ሠርክአዲስ የሚያምር ውሸት ቢፈልግም አላገኘም።

«ልበላው ነበር» አለ። «እንዳልቀድስ ብዬ ልበላው ነበር። ግን አልበላሁትም።»

ተዋጊው ቆሎውን ለማየት ሲያጎነብስ ከሸሚዙ ስር ጥቁር ማተብ ታየ፤ ላብ ጠጥቶ የደረቀ፣ ያረጀ ማተብ ነው። ሠርክአዲስ አየው። ይህም ሲተኛና ሲነሣ ያማትባል ማለት ነው። ወደዚያው ወደ አንዱ ይጸልያል ማለት ነው። ታዲያ የማንኛችንን ነው የሚሰማው?

«ስንት ናችሁ?» አለ ተዋጊው ድንገት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀው።

«አራት ናቸው። ከእኔ ጋር አምስት።»

ተዋጊው ማብራሪያ አልጠየቀም። ምን ማለት እንደሆነ እንደገባው ፊቱ ላይ ታየ። ቆሎዎቹን ሠርክአዲስ መዳፍ ላይ መለሰለትና ወደ ጎን ቆመ።

«ሂዱ» አለ። «እንዳትሮጡ ብቻ።»

አልሮጡም። ድልድዩን አልፈው የባሕር ዛፉ መደዳ እስኪሸፍናቸው ሄዱ። ከዚያ ሠርክአዲስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፈዲላ ከጎኑ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ያ አላህ። ምን ሁነህ ነው አንተ ልጅ? አንዲት ፍሬ ብትበላ ምን ነበረበት? አስገድደውህ እኮ ነው። ጌታችሁም አይቆጣም።»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት ምንድነው?»

«ፈዲላ፣ እኔ እግዚአብሔር መኖሩንም አላውቅም» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለእሷ የነገራት ምናልባት ሙስሊም ስለሆነች፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለማያገኛት ይሆናል። «ያን ያህል ካላወቅኩ ለምን አልበላሁም? ራሴን አልገባኝም።»

ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን አባያዋን ሰብሰብ አድርጋ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ጅዳ የነበርኩበት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ በር ተቆልፎብኝ ነው የኖርኩት» አለች። «አምስቱንም ወቅት እሰግድ ነበር። ምንም አይሰማኝም። ፊቴ ያለው ግድግዳ ነው፣ ግድግዳ ነው የማየው። የሚሰማኝ አለ እንዳልል ማንም አልመጣልኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወቅቱ ሲደርስ እነሣለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ይህን ለሰው ተናግሬም አላውቅ። እናቴ ብትሰማ በቁሟ ትሞታለች።» ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ያን ቆሎ አምጣው እስቲ፣ ከጠዋት ጀምሮ ርቦኛል።»

ስድስቱንም ሰጣት። እዚያው ተቀምጣ አንድ በአንድ ቆረጠመቻቸው። ሠርክአዲስ ከድንጋጤው የተነሣ ይሁን ከሌላ፣ ሳቁ መጣበት።

*

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ቤተልሔሙ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቤተልሔም የሚባለው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ያለች፣ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ናት። ጭሷ በሣር ክዳኑ ውስጥ ይወጣል። ዘቢቡን ተቀብለው ለትንሹ ምስክር ሰጡት፤ እሱም አጥቦ ሊዘፈዝፈው ይዞት ገባ።

«ዘገየህ» አሉ።

«ድልድዩ ላይ አስቁመውን ነው።» ሠርክአዲስ መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም። ግቢው ውስጥ ሴቶች ነጠላ ለብሰው በየጥላው ቁጭ ብለዋል። መስታወት ከደጀ ሰላሙ ውጭ ልጇን ይዛ ትጠብቃለች። ከአሁን ወዲያ ዝም ብሎ መግባት ለእሱ ስርቆት መሰለው።

«አባ፣ እኔ አልገባም።»

«ቀመስክ እንዴ?»

«አልቀመስኩም። እሑድም አልቀመስኩም ነበር። ከዚያ በፊትም። ዋሽቼዎት ነው።» ትንፋሽ ወሰደ። «ጸሎት አልወጣ ብሎኛል። ቅዱስ ከሞተ ጀምሮ የሚሰማን መኖሩን እጠራጠራለሁ። እንዲህ ሆኜ ብገባ ያቃጥለኛል። ባልገባ ደግሞ ልጁ...» የቀረውን መጨረስ አቃተው።

ቄስ ኃይለ ሚካኤል በመቋሚያቸው ጫፍ አፈሩን ቧጨር ቧጨር አደረጉ።

«እንደዋሸኸኝ አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እሑድ ዕለት ቀምሻለሁ ስትለኝ ከንፈርህ በውኃ ጥም ነጭ ሆኖ ነበር።»

ሠርክአዲስ ክው አለ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ደስ ስላለኝ።»

የሰማውን ማመን አልቻለም። ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩትም።

«ያን ልጅ በነጠላው ጠቅልዬ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። እናንተ የቀበራችሁት እኔ የሰጠኋችሁን ነው። ከዚያ ወዲህ መቅደሱ በር ላይ ስደርስ እግሬ አልሄድ ይለኛል። ሃምሳ ዓመት የገባሁበት በር ነው። አንተ ቀምሻለሁ ስትል በሆዴ ተመስገን፣ ዛሬም ተረፍኩ አልኩ። ሕዝቡን በአንተ አሳብቤ መለስኩ። ከሁለታችን ማንኛችን የባሰ እንደዋሸ አንተው ፍረድ።»

ሠርክአዲስ ሽማግሌው እንዲህ ሲናገሩ ሰምቶ አያውቅም። የሚያውቃቸው ዜማ ሲሳሳት በቁንጥጫ የሚያርሙ፣ ሁሉን የሚያውቁ ሰው ሆነው ነው። አሁን የሚያያቸው ደክሟቸው በር ላይ የተቀመጡ አዛውንት ናቸው። ቢያሳዝኑትም፣ ብቻውን አለመሆኑን ሲያውቅ ቀለል አለው።

«አሁንስ፣ አባ?»

«አሁንም ያው ነኝ። ሥርዓቱ የቀመሰ አይግባ ይላል። ያዘነ አይግባ፣ የጠየቀ አይግባ የሚል ግን እስካሁን አላነበብኩም። ቢኖር ኖሮ እኔ ነበርኩ ቀድሜ የምቀረው።» መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «አላስገድድህም። ካልገባህ ሄጄ እህትህን ዛሬም አልሆነም እላታለሁ፤ የአንተን ስም አላነሣም። ምስክር ዘቢቡን ጨምቆ ሲጨርስ የወሰንከውን ንገረኝ።»

ከቤተልሔሙ ውስጥ የትንሹ ምስክር ድምፅ ይሰማል፤ ዘቢቡን እያጠበ ለብቻው ያዜማል፣ ዜማው ይሳሳትበታል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሠርክአዲስ ግማሽ ሰዓት ያህል የቤተልሔሙን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። የሚያይ አለ ወይስ የለም ለሚለው መልስ ያገኝ እንደሆነ ብሎ ውስጡን ፈተሸ። መልስ የለም። ጥያቄው እዚያው እንዳለ ጫማውን አወለቀና ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ፤ አልባሱን ለበሰ።

ልጁ ተጠመቀ። ውኃው ሲነካው ጮኸ፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ድምፁ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። መስታወት እያለቀሰች ሳቀች። ከአጥሩ ውጭ ቆማ የነበረችው ፈዲላ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ሁሉም ሰማት።

ከዚያ ቅዳሴው ገባ። ከአምባሰል የመጣው ዲያቆን ዋና ሆነ፤ ለሠርክአዲስ ከቄስ ኃይለ ሚካኤል ጎን ቆሞ ጧፍ መያዝ ደረሰው። አላቃጠለውም። ልዩ ነገርም አልተሰማው። ከሩቅ፣ ከደሴ መንገድ በኩል፣ አንድ ሁለት ጊዜ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ተሰማ፤ ሕዝቡ ዞር ብሎ ተያየ እንጂ አንድም ሰው አልወጣም። ቅዳሴው ቀጠለ።

ከመቁረቡ በፊት ካህኑ ሦስት ጊዜ «አምናለሁ» የሚልበት ቦታ አለ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል የመጀመሪያውን አሉ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ቀረ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። ሌላኛው ቄስ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከመጋረጃው ወዲያ ሕዝቡ ይጠብቃል። ሽማግሌው ምን እያዩ እንደሆነ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የሚያውቀው ሠርክአዲስ ብቻ ነበር፤ መንገዱን ነው የሚያዩት፣ ነጠላውን።

ቃሉ የካህን ነው፤ ዲያቆን አይለውም። ደግሞስ እሱ ቢለው እውነት ይሆናል? አላወቀም። ጧፉን ጠጋ አደረገና ቄሱ ብቻ በሚሰሙት ድምፅ «አምናለሁ» አለ።

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ተቀበሉት። ጮክ ብለው አሉት፤ ሦስተኛውንም ጨመሩ። ሕዝቡ አሜን አለ። መጋረጃው ተከፈተ፤ መስታወትም ልጇን ታቅፋ ወደ ፊት ቀረበች።